ስለ ግሪን ቤይ ፓከርስ ታሪክ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አንድ ወዳጃችሁ ግድግዳው ላይ በመስታወት የተቀመጠ የአክሲዮን ወረቀት እያሳየ «የፉትቦል ቡድን ባለቤት ነኝ» ቢላችሁ አትሳቁበት። እውነቱን ሊሆን ይችላል። እንዲህ የሚሉ ሰዎች ቁጥር ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ነው፤ ቡድናቸውም የአሜሪካ ፉትቦል (ኳሷ በእጅ የምትያዝበት ጨዋታ) የሚጫወተው ግሪን ቤይ ፓከርስ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ጥያቄዎች ስለዚህ ቡድን በተነሳ ቁጥር የሚመጡ ናቸው። ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ የእኛን የጨመርኩበት ቦታ ለይቼ ጽፌዋለሁ።

ግሪን ቤይ ትልቅ ከተማ ናት?

አይደለችም፤ ታሪኩ የሚገርመውም ለዚህ ነው። ግሪን ቤይ በዊስኮንሲን ግዛት፣ ከሚሺጋን ሐይቅ በሚገባ ሰላጤ ዳር የተቆረቆረች፣ 107 ሺህ ያህል ነዋሪ ያላት ከተማ ናት። ኤን ኤፍ ኤል በሚባለው የአሜሪካ ፉትቦል ሊግ ውስጥ ካሉት 32 ቡድኖች መካከል የዚህን ያህል ትንሽ ከተማ ያለው ሌላ የለም። ላምቦ ፊልድ የሚባለው ስታዲየሟ ከ81 ሺህ ሰው በላይ ይይዛል። የከተማዋ ሕዝብ፣ ሽማግሌውም ሕፃኑም፣ ተሰብስቦ ቢገባ ውጭ የሚቀረው ከሩብ ብዙም አይበልጥም።

«ፓከርስ» ማለት ምን ማለት ነው?

አሻጊዎች ማለት ነው፤ ሥጋ አሻጊዎች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከርሊ ላምቦ የሚባል የግሪን ቤይ ልጅ ኖትር ዳም ዩኒቨርሲቲ ገብቶ አንድ የውድድር ዘመን ከተጫወተ በኋላ ታምሞ ወደ አገሩ ተመለሰ፤ ኢንዲያን ፓኪንግ በሚባል የቆርቆሮ ሥጋ ፋብሪካም ተቀጠረ። ሥራው ጥሩ ነበር፤ ልቡ ግን ሜዳ ላይ ቀርቷል። የከተማው ጋዜጣ የስፖርት አዘጋጅ ከነበረው ከጆርጅ ካልሁን ጋር ተማከሩና ኦገስት 11 ቀን 1919፣ በእኛ ነሐሴ 5 ቀን 1911 ዓ.ም. ማለት ነው፣ ወጣቶችን በጋዜጣው ዝግጅት ክፍል ሰብስበው ቡድኑን መሠረቱ። ላምቦ ለመለያና ለመሣሪያ መግዣ አሠሪዎቹን ገንዘብ ጠየቀ፤ ፋብሪካውም 500 ዶላር ሰጠ። ስሙ ከዚያው ወጣ። ፋብሪካው ብዙም ሳይቆይ በሌላ ድርጅት ተጠቀለለ፤ በስሙ የተጠራው ቡድን ግን ከመቶ ዓመት በላይ አልፎ ዛሬም አለ።

በመጀመሪያው ዓመት ሜዳው አጥር እንኳ ስላልነበረው መግቢያ ማስከፈል አይታሰብም ነበር። ካልሁን ባርኔጣውን ይዞ በተመልካቹ መካከል እየዞረ ሳንቲም ይሰበስባል። ከ11 ጨዋታ 10ሩን አሸነፉ። በዓመቱ መጨረሻ የተረፈው ገንዘብ ሲካፈል ለእያንዳንዱ ተጫዋች የደረሰው 16 ዶላር ከ75 ሳንቲም ነበር።

ከሊጉ ተባርረው ነበር የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው። በ1921 ሊጉን ተቀላቀሉ፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን በሐሰተኛ ስም ሲያጫውቱ ተያዙ። ይህን ያደረጉት እነሱ ብቻ አልነበሩም፤ የተያዙት ግን እነሱ ናቸው። ፈቃዳቸው ተነጠቀ። ላምቦ በ1922 ክረምት ይቅርታ ጠይቆና ከፍሎ መልሶ አወጣው።

ሕዝቡ የቡድኑ ባለቤት የሆነው እንዴት ነው?

በችግር ነው። መልካም ሐሳብ ያለው ሰው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ያቀደው ነገር አይደለም።

በ1922 ዝናብ ተመልካቹን እያስቀረ ቡድኑ ዕዳ ውስጥ ገባ። አንድ ጊዜ ላምቦ ዝናብ ቢዘንብ ካሣ የሚከፍል ኢንሹራንስ ገብቶ ነበር ይባላል። ዝናቡም ወረደ፤ ሲለካ ግን በውሉ ከተጻፈው መጠን በአንድ መቶኛ ኢንች ስላነሰ ኢንሹራንሱ አልከፍልም አለ። ያን ጊዜ የጋዜጣው ሥራ አስኪያጅ አንድሩ ተርንቡል የከተማውን ነጋዴዎች አስተባበረ። በ1923 ቡድኑ ለትርፍ ያልቆመ ማኅበር ሆኖ ተቋቋመ፤ አንድ ሺህ አክሲዮን እያንዳንዱ በ5 ዶላር ተሸጠ። ገዢው ለዓመቱ ጨዋታዎች ቢያንስ ስድስት የወንበር ትኬት እንዲገዛም ይገደድ ነበር። ብልህ ሐሳብ ነው፤ ባለአክሲዮኑን አስገድዶ ተመልካች አደረጉት።

ከዚያ በኋላ ቡድኑ በተቸገረ ቁጥር ወደ ሕዝቡ ተመልሷል። በ1931 አንድ ተመልካች ከእንጨት መቀመጫው ላይ ወድቆ ቡድኑን ከሰሰ፤ 5 ሺህ ዶላር ተፈረደለት። የቡድኑ ኢንሹራንስ ድርጅት ደግሞ ከስሮ ተገኘ። ከዚያ ማጥ የወጡት በ1935 በተሸጠው ሁለተኛ ዙር አክሲዮን ነው። ሦስተኛው የ1950 ሲሆን ወደ 118 ሺህ ዶላር አስገኝቷል፤ ማንም ሰው ጠቅልሎ እንዳይወስደው በነፍስ ወከፍ ከ200 አክሲዮን በላይ መያዝ ተከለከለ። አራተኛው በ1997 መጨረሻ ተጀመረ፤ የአንዱ ዋጋ 200 ዶላር ነበር። አምስተኛው በ2011፣ በ250 ዶላር። ስድስተኛው በ2021፣ በ300 ዶላር። የመጨረሻዎቹ ሦስት ዙሮች እንደ ቀድሞዎቹ የመትረፍና የመጥፋት ጉዳይ አልነበሩም፤ ገንዘቡ ለስታዲየም ማስፋፊያና ማደሻ የዋለ ነው።

አክሲዮኑ ስንት በመቶ ትርፍ ይከፍላል?

ምንም። ይህን ጥያቄ ከእኛ ሰው በቀር ማንም በዚህ ፍጥነት አይጠይቅም፤ አልፈርድም። እኛ ዘንድ አክሲዮን ሲባል በጠቅላላ ጉባኤው ቀን አዳራሽ ሞልቶ «ዘንድሮ የትርፍ ድርሻው ለምን ቀነሰ?» እያሉ ቦርዱን ማፋጠጥ ነው። የፓከርስ አክሲዮን የትርፍ ድርሻ የለውም፤ ዋጋው አይጨምርም፤ ገበያ አውጥቶ መሸጥም አይቻልም። ለልጅ ወይም ለቅርብ ዘመድ ማስተላለፍ ይፈቀዳል። ትኬት ለማግኘት ቅድሚያ አያሰጥም። ቡድኑ ራሱ በሽያጩ ሰነድ ላይ ትርፍ አገኛለሁ ብሎ የሚያስብ ሰው እንዳይገዛ በግልጽ ያስጠነቅቃል። ከእድር ጋር እንዳናመሳስለው እድር እንኳ በመጨረሻ ድንኳን ይተክላል።

ባለአክሲዮኑ የሚያገኘው ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ወረቀት፣ የዳይሬክተሮች ቦርድ ሲመረጥ ድምፅ መስጠትና በየዓመቱ ጁላይ ላይ ስታዲየሙ ውስጥ በሚደረገው ጉባኤ መገኘት ነው። የሚገርመው ለዚህ ጉባኤ ሰዎች ከሩቅ ግዛት ድረስ መኪና ነድተው መምጣታቸው ነው።

አሁን መግዛት እችላለሁ?

ቡድኑ ሽያጭ ካልከፈተ አይቻልም። ከ1950 እስከ 1997 ድረስ ለ47 ዓመታት አልተከፈተም ነበር።

ቡድኑ ቢሸጥ ገንዘቡን ማን ይወስዳል?

ባለአክሲዮኖቹ አምስት ሳንቲም አያገኙም። በ1923 የተጻፈው ደንብ ቡድኑ ቢሸጥ ከዕዳ የተረፈው ገንዘብ ለከተማው የቀድሞ ወታደሮች ማኅበር እንዲሰጥና የጦር ሜዳ ሰማዕታት ሐውልት እንዲሠራበት ያዝ ነበር። በ1997 ተሻሽሎ ተቀባዩ የቡድኑ የበጎ አድራጎት ፋውንዴሽን ሆነ። ቡድኑን ከከተማዋ ነቅሎ ሌላ ቦታ በመውሰድ የሚጠቀም ሰው ስለሌለ ማንም ሊነቅለው አልሞከረም። ባልቲሞር፣ ክሊቭላንድ፣ ኦክላንድ ቡድኖቻቸው በባለሀብት ውሳኔ ጓዛቸውን ጠቅልለው ሲሄዱ ቆመው አይተዋል።

ታዲያ ሌሎች ከተሞች ለምን እንዲህ አያደርጉም?

ሊጉ ይከለክላል። አንድ ቡድን የታወቀ ዋና ባለቤት እንዲኖረው የሚያዝ ደንብ አለ፤ ፓከርስ ከደንቡ በፊት ስለነበሩ እንዳሉ ተተዉ።

ይህን ያህል ትንሽ ከተማ ከኒው ዮርክና ከዳላስ ጋር የምትወዳደረው በምን ገንዘብ ነው?

በቴሌቪዥን ገንዘብ ነው። ከ1960ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ሊጉ የጨዋታ ማስተላለፍ መብቱን በአንድነት ሸጦ ገቢውን ለቡድኖቹ እኩል ያካፍላል። የኒው ዮርክ ቡድን ስምንት ሚሊዮን ሕዝብ ስላለው ተጨማሪ ድርሻ አይወስድም። ፓከርስ ባለቤቱ ሕዝብ ስለሆነ ሒሳቡን በየዓመቱ ይፋ ያደርጋል፤ በ2024 ሪፖርቱ ከሊጉ የጋራ ገቢ ብቻ የደረሰው ከ400 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነው። ሌሎቹ ባለቤቶች ደብተራቸውን ስለሚደብቁ፣ ጋዜጠኞች የሊጉን ገቢ ለመገመት የግሪን ቤይን ወረቀት ነው የሚያገላብጡት።

በግሌ የአክሲዮኑ ታሪክ በጣም ስለሚያምር ሰው ይህን ይረሳል ባይ ነኝ። ሕዝቡ ቡድኑን ከሞት አዳነው፤ ዛሬ የሚያኖረው ግን ይህ እኩል ክፍፍል ነው።

ስንት ዋንጫ አላቸው?

አሥራ ሦስት፤ በሊጉ ታሪክ አንደኛ ናቸው። ስድስቱ ላምቦ አሰልጣኝ በነበረበት ዘመን የተገኙ ናቸው፦ 1929፣ 1930፣ 1931፣ 1936፣ 1939 እና 1944። አምስቱ በአሰልጣኝ ቪንስ ሎምባርዲ ዘመን፦ 1961፣ 1962፣ 1965፣ 1966 እና 1967። የቀሩት ሁለቱ የ1996 እና የ2010 ናቸው።

ዓመት ሲቆጠር ግራ የሚጋቡ አሉ። የውድድር ዘመኑ የሚጀምረው ሴፕቴምበር ላይ ነው፤ የፍጻሜው ጨዋታ ሱፐር ቦውል ግን የሚደረገው ዓመቱ ከተለወጠ በኋላ ነው። ስለዚህ የ1966 ዋንጫ የተነሳው ጃንዋሪ 15 ቀን 1967 ሎስ አንጀለስ ላይ ካንሳስ ሲቲን 35 ለ 10 ባሸነፉበት የመጀመሪያው ሱፐር ቦውል ነው።

ዋንጫው በሎምባርዲ ስም የተጠራው ለምንድን ነው?

ቪንስ ሎምባርዲ በ1959 ሲመጣ የተረከበው ባለፈው ዓመት አንድ ጨዋታ ብቻ ያሸነፈ ቡድን ነው። ከዚያ በፊት በኒው ዮርክ ጃያንትስ ረዳት አሰልጣኝ ነበር። በመጀመሪያ ዓመቱ ከተሸነፈው ይልቅ ያሸነፈው በለጠ፤ በሁለተኛው ለፍጻሜ ደርሶ በፊላደልፊያ ተረታ። ከዚያ በኋላ ግሪን ቤይን እስኪለቅ ድረስ በፍጻሜ ዙር ጨዋታ አልተሸነፈም። በሰባት ዓመት አምስት ዋንጫ ወሰደ። በ1970 በካንሰር ሲሞት የሱፐር ቦውል ዋንጫ በስሙ ተሰየመ።

ተቆጪና ጯኺ ሰው ነበር። አንድ ነገር ግን ይጻፍለት፦ በዚያ ዘመን ጥቁር ተጫዋቾቹን የማያስተናግድ መጠጥ ቤት ወይም ምግብ ቤት ካለ፣ ለቡድኑ በሙሉ ዝግ ነው ብሎ አወጀ። ነጮቹም እግራቸውን አያነሱም። ዊሊ ዴቪስ፣ ኸርብ አደርሊና ዊሊ ውድ የመሳሰሉት ጥቁር ተጫዋቾች የዚያ ቡድን ምሰሶዎች ነበሩ። ውድን ሊጉ አዳዲስ ተጫዋቾችን በሚያከፋፍልበት ምልመላ ማንም አልመረጠውም፤ ለቡድኖች ደብዳቤ እየጻፈ ነው ዕድል የለመነው።

«የበረዶው ጨዋታ» የሚባለው ምንድን ነው?

ስለ ፓከርስ አንድ ነገር ብቻ የምታነቡ ከሆነ ይህን አንብቡ።

ዲሴምበር 31 ቀን 1967፣ በእኛ ታኅሣሥ 21 ቀን 1960 ዓ.ም.፣ እሑድ። ከሱፐር ቦውል በፊት ለሚደረገው የሊጉ ዋንጫ ዳላስ ካውቦይስ ግሪን ቤይ ላይ ይጫወታሉ። ጨዋታው ሲጀመር ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነበር፤ ነፋሱ ሳይቆጠር። ሎምባርዲ በዚያው ዓመት ከሣሩ ሥር የሚቀበር የኤሌክትሪክ ማሞቂያ አስገብቶ ነበር፤ ሜዳውን የሸፈነው ሸራ ሲነሳ ግን እርጥበቱ ቀዝቅዞ መስታወት ሆነ። ዋናው ዳኛ ፊሽካውን ሲነፋ ብረቱ ከከንፈሩ ጋር ተጣበቀ፤ ሲያላቅቀው ቆዳው አብሮ መጣ። ከዚያ ወዲያ ዳኞቹ ጨዋታውን በጩኸት መሩት። ሊያዝናና የመጣው የሙዚቃ ጓድ መሣሪያው ደርቆበት ሳይጫወት ቀረ። ሃምሳ ሺህ ሰው ግን ወንበሩን አልለቀቀም።

ፓከርስ 14 ለ 0 መርተው፣ በመጨረሻው ሩብ 17 ለ 14 ተበለጡ። ጨዋታው ሊያልቅ አምስት ደቂቃ ያህል ሲቀረው ኳሷን በራሳቸው የሜዳ ክፍል ይዘው ተነሱ፤ እስከ ዳላስ መስመር 68 ያርድ (62 ሜትር ያህል) ይቀራቸዋል። በዚያ በረዶ ላይ እየተንሸራተቱ ከአንድ ያርድ በታች እስኪቀር ድረስ ተጓዙ። ሁለት ጊዜ ሞክረው ሯጩ እያዳለጠው ወደቀ። ሰዓቱ 16 ሴኮንድ ይላል፤ የዕረፍት ጥሪያቸውም አልቋል። ኳሷን መትተው ሦስት ነጥብ ቢያገኙ እኩል ይሆኑ ነበር። ጨዋታ መሪው፣ ኳርተርባኩ ባርት ስታር፣ ግን ሯጮቹ እግራቸው ስለሚያዳልጣቸው ራሱ ይዞ ሊገባ እንደሚችል ለሎምባርዲ ነገረው፤ ሎምባርዲም ፈቀደ።

ስታር ወደ ጓደኞቹ ተመልሶ የጠራው ኳሷ ለቸክ መርሲን የምትሰጥበትን ስልት ነው። ራሱ እንደሚይዛት ለማንም አልተናገረም። መርሲን እጁን ዘርግቶ ሮጠ፤ ኳሷ አልመጣችም። ጄሪ ክሬመር ከፊት ያለውን ተከላካይ ገፍቶ ክፍተት ከፈተ፤ ስታር በዚያ ሾልኮ ወደቀ። ታችዳውን! ኳሷ የተጋጣሚውን የመጨረሻ መስመር አልፋለች። 21 ለ 17። በታዋቂው ፎቶግራፍ ላይ መርሲን ሁለት እጁን ወደ ሰማይ ዘርግቶ በስታር ላይ ሲወድቅ ይታያል። ብዙ ሰው የደስታ ምልክት ይመስለዋል። እሱ ግን «አልገፋሁትም» እያለ ነበር ለዳኞች፤ ኳስ የያዘን ጓደኛ ከኋላ መግፋት ያስቀጣ ነበርና።

ላምቦስ? ስታዲየሙ በስሙ ከሆነ እንዴት ቡድኑን ለቀቀ?

ተጣልቶ ነው የለቀቀው። በ1940ዎቹ መጨረሻ ቡድኑ ይሸነፍ፣ ገንዘቡ ያልቅ ጀመር። ላምቦ ሮክዉድ ሎጅ የሚባል ውድ የልምምድ ማረፊያ አስገዝቶ ቦርዱን አስቆጥቷል። ጃንዋሪ 1950 ላይ ማረፊያው ተቃጠለ፤ የኢንሹራንሱ ክፍያ ቡድኑን አተነፈሰው። በሳምንቱ ላምቦ ሥራውን ለቆ ወደ ቺካጎ ካርዲናልስ ሄደ። የእሳቱ መንስኤ ዛሬም የከተማው ቀልድ ነው። በ1965 ሲሞት ግን ቂሙ ተረሳ፤ ስታዲየሙ በስሙ ተጠራ።

ዋናው ጠላታቸው ማን ነው?

ቺካጎ ቤርስ፣ ከ1921 ጀምሮ። ግን አንድ ነገር ልንገራችሁ። በ1956 ግሪን ቤይ አዲስ ስታዲየም ለመሥራት ነዋሪው ድምፅ እንዲሰጥ ስትጠራ፣ ለድጋፍ ቅስቀሳ ከመጡት አንዱ የቤርስ ባለቤት ጆርጅ ሃላስ ነበር። ጠላት ከሌለ ትኬት አይሸጥም፤ ይህን ከእሱ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። ሕዝቡ ደገፈ፤ ስታዲየሙ ተሠራ፤ በ1957 ሲመረቅ ፓከርስ እዚያው የሃላስን ቡድን 21 ለ 17 አሸነፉት።

በጎረቤት ሚኒሶታ የምትኖሩ ወገኖች ደግሞ ቫይኪንግስ የሚሉትን ቡድን ስለምታውቁ ሌላ ማብራሪያ አያስፈልጋችሁም።

ከሎምባርዲ እስከ 1996 ድረስ ምን ሆነ?

ብዙም የሚወራ ነገር የለም። ሃያ ምናምን ዓመት መከራ ነው።

ብሬት ፋቭርና አሮን ሮጀርስ ምን አደረጉ?

ፋቭር በ1992 ከአትላንታ ሲመጣ ማንም ብዙ አልጠበቀበትም። ለፓከርስ እስከ 2007 ተሰለፈ፤ ሦስት ጊዜ የሊጉ ኮከብ ሆነ፤ የ1996ን ዋንጫ አመጣ። በ1993 ታላቁ ተከላካይ ሬጂ ዋይት በራሱ ፈቃድ ግሪን ቤይን መምረጡ ለብዙ ተጫዋቾች በር ከፍቷል፤ ከዚያ በፊት ይህን ብርድ ፈልጎ የሚመጣ እምብዛም አልነበረም። ሮጀርስ ሦስት ዓመት ከፋቭር ጀርባ ተቀምጦ በ2008 ተረከበ፤ የ2010ን ዋንጫ ፒትስበርግን 31 ለ 25 በማሸነፍ አነሳ፤ አራት ጊዜ ኮከብ ተባለ። በ2023 ወደ ኒው ዮርክ ጄትስ ተዛወረ፤ ቦታውን ጆርዳን ላቭ ያዘ፤ እሱም ሦስት ዓመት ተቀምጦ ሲጠብቅ የነበረ ነው። ሌሎች ቡድኖች በየሁለት ዓመቱ ኳርተርባክ ሲቀያይሩ ግሪን ቤይ በሠላሳ ዓመት ውስጥ ሁለት ሰው ብቻ ነበር የተጠቀመው ማለት ይቻላል። ሁለቱም ሲለቁ ግን በኩርፊያ ነው።

ደጋፊዎቹ ራሳቸው ላይ አይብ የሚያደርጉት ለምንድን ነው?

ዊስኮንሲን የወተትና የአይብ አገር ናት። የቺካጎ ሰዎች «አይብ ራስ» እያሉ ይሰድቧቸው ነበር፤ እነሱ ደግሞ ስድቡን ስፖንጅ አድርገው ሠርተው ራሳቸው ላይ ጫኑት።

ስታዲየም ገብቼ ማየት እችላለሁ?

የዓመት ትኬት ከፈለጋችሁ ተራው ረጅም ነው፤ ከ1960 ጀምሮ ወንበሩ ሁሉ የተያዘ ሲሆን በተጠባባቂነት የተመዘገበው ከ140 ሺህ ስም በላይ ነው። ልጅ በተወለደ ሳምንት ስሙን የሚያስመዘግቡ ወላጆች አሉ። የአንድ ጨዋታ ትኬት ግን ከባለመብቶች በሚሸጥበት ገበያ ይገኛል፤ ዋጋው የሚያስደስት አይደለም።

ልጆች ካሏችሁና ገንዘብ ማውጣት ካልፈለጋችሁ በጁላይ መጨረሻ ልምምድ ሲጀመር ሂዱ። የከተማዋ ልጆች ብስክሌታቸውን ይዘው ከስታዲየሙ በር ላይ ይጠብቃሉ፤ ተጫዋቾቹ ከዚያ እስከ ልምምድ ሜዳው የሚሄዱት በልጆቹ ብስክሌት ነው። ልማዱ ከሎምባርዲ ዘመን ጀምሮ አለ። መቶ ሃምሳ ኪሎ የሚመዝን ሰው በስምንት ዓመት ልጅ ብስክሌት ላይ ጉልበቱ አገጩን እየነካው ይፔዳላል፤ ባለብስክሌቱ ልጅ ደግሞ የሰውየውን የራስ ቁር በሁለት እጁ አቅፎ ከጎኑ ይሮጣል። ብስክሌት የምትወስዱ ከሆነ ጎማውን በደንብ ንፉት።